ሰዓቱን ማን በላው?

ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሆስፒታል የሚደርስ የኛ አገር ሰው ካርዱ ላይ አንድ ዓይነት ክስ ይጻፍበታል፦ ዘግይቶ መጣ። ምስክር የለ፣ መልስ የለ፣ ይግባኝ የለ። ተከሳሹ ሆዱ ተቀዶ፣ አፍንጫው ውስጥ ቱቦ ገብቶለት ተኝቷል፤ ከሳሹ ወደሚቀጥለው አልጋ አልፏል። ጥናት የሚሠሩትም ካርዱን ገልብጠው «ከታካሚው ጋር የተያያዙ ምክንያቶች» በሚል ርእስ ሥር ይደረድሩታል፦ ገጠር መኖር፣ ዕድሜ፣ ሕመሙ ከጀመረ የቆየበት ሰዓት፣ ቀድሞ ሌላ ቦታ ታክሞ መምጣት። ቁጥራቸውን አልጠላም። ርእሱን ግን እጠላዋለሁ። ገጠር መኖር የታካሚው ጥፋት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? የጠምባሮዋን ከተማ ሙዱላን ከዱራሜና ከሶዶ ሆስፒታሎች ያራቃት ታካሚው ነው እንዴ? ቀድሞ ሌላ ቦታ ታክሞ መምጣትስ እንዴት የእሱ ጉድለት ይሆናል? ታከም ተብሎ አይደል እንዴ የሄደው?

እስቲ ከሆድ ዕቃው እንጀምር፤ ይህን ሳያውቁ መከራከር አይቻልም። ትርፍ አንጀት ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ የተንጠለጠለ፣ አንድ ጫፉ የተዘጋ፣ የጣት ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። አፉ በደረቀ ዓይነ ምድር ወይም በውስጡ ባበጠ ሥጋ ሲደፈን ፈሳሽ ማመንጨቱን አያቆምም። መውጫ ያጣው ፈሳሽ ግድግዳውን ይወጥረዋል፤ ውጥረቱ መጀመሪያ የሚመለሰውን ደም፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ደም ያፍናል። ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል፣ የሞተውም ይበሳል፤ በዚያች ቀዳዳ የአንጀት ቆሻሻ ከነባክቴሪያው ወደ ሆድ ዕቃ ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኒው ዮርክ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ሰዓቱን ለክቶታል፦ ሕመሙ ከጀመረ 36 ሰዓት ባልሞላቸው አዋቂዎች ላይ የመፈንዳት ዕድሉ ከ100ው 2 ወይም ከዚያ በታች ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በእያንዳንዱ 12 ሰዓት ከ100ው 5 ገደማ ሆነ። ሕፃናት ላይ ከዚህ ይፈጥናል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሕመሙን መናገር ስለማይችል፣ ብዙውን ጊዜ በሽታው የሚታወቀው ከፈነዳ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ተንኮሉ ደግሞ ይህ ነው፦ ሲፈነዳ ውጥረቱ ስለሚረግብ ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት ቀለል ሊል ይችላል። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ተሻለው» ይላል። መንገድ የጀመረው «እንመለስ» ይላል። መግሉ ሆድ ዕቃውን የሚያዳርሰው በዚያች የደስታ ሰዓት ነው።

እንግዲህ ክርክሩ የሰዓት ክርክር ከሆነ በሰዓት እንነጋገር። ከመጀመሪያው ቁርጠት እስከ ቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ድረስ ያለውን እያንዳንዱን ሰዓት ማን በላው?

መዘግየት የድንቁርና ልጅ ነው ለሚሉኝ ግን አስቀድሜ አንድ ታሪክ ልንገራቸው። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ ሊጭኑ ቀጠሮ የተያዘው ለጁን 26 ቀን 1902 እ.ኤ.አ. ነበር። ከእኛ ዘንድ በዓሉን እንዲካፈሉ ዳግማዊ ምኒልክ የላኩት ራስ መኮንንን ነው። ንጉሡ ታዲያ ከበዓሉ በፊት ሆዳቸውን ታመሙ። ለንደን መሀል፣ በዘመኑ የታወቁ ሐኪሞች አልጋቸውን ከበው ሳለ፣ ሕመሙ ከጀመረ 10 ቀን ገደማ እስኪሆነው ድረስ ቢላ አልነካቸውም። በዓሉን ማስተላለፍ አልፈለጉም ነበር። በመጨረሻ ጁን 24 ቀን ሰር ፍሬድሪክ ትሬቭስ እዚያው ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ውስጥ ሆዳቸውን ከፍቶ መግሉን አወጣ፤ ዘውዱም ወደ ኦገስት 9 ተላለፈ። ትሬቭስ በትርፍ አንጀት ሕክምና አንቱ የተባለ ሰው ነበር። ከዚያ 2 ዓመት ቀደም ብሎ የገዛ ልጁ በዚሁ በሽታ፣ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ፣ ሞታበታለች። ንጉሥ ዘገየ፣ የቀዶ ሐኪም ልጅም ዘገየች። የሆድ ሕመም ሰውን ሁሉ ያታልላል፤ ባለዘውዱንም፣ የጠምባሮ ዝንጅብል አምራቹንም። ልዩነቱ ንጉሡ ሲዘገዩ ሐኪሙ ከነመሣሪያው ቤታቸው ድረስ መምጣቱ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። ቤታችን የበላውን ሰዓት አልክድም፤ ክጄ የምከራከር ጠበቃ አይደለሁም።

ሙዱላ ውስጥ ሆድ ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ጨጓራ ነው» የሚል ፍርድ ነው። ቀጥሎ «ብርድ መቶህ ነው» ይመጣል። ጤና አዳም ይቀጠፋል፣ ዝንጅብል ይወቀጣል፤ ዝንጅብሉ የኛው ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ሆድ ማሸት የምትችል ሴት ትጠራለች፤ የተወጠረውን ቱቦ ከላይ በመዳፏ ትጫነዋለች። ይህም ካልሠራ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይሰጣል፤ «ሆዱ ይጠብ» ይባላል። የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሆዳችሁን ሲያማችሁ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትውሰዱ የሚል ዘመቻ ማካሄዷን የምጠቅሰው በከንቱ አይደለም፤ የፈረንጅ እናትም እንደኛ እናት የጉሎ ዘይት ታጠጣ ነበር። ሰዎቹ ግን ከተማውን ሙሉ አስተማሩት። እኛ ዘንድ በየገበያው ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚዞረው የማዳበሪያ ዕዳ ሰብሳቢ ነው እንጂ ስለ ሆድ ሕመም የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ጸሎትም አለ። ጸሎቱን ማንም አይከለክልም፤ አምቡላንስ ውስጥም ይጸለያል።

የሴቶቻችን ግን ያንገበግበኛል። ያላገባች ልጅ «ታች ሆዴን አመመኝ» ካለች ቤቱ ውስጥ ያሉት ዓይኖች ሁሉ ወገቧ ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ አትናገርም። ያገባችው ደግሞ «ቻል አድርጊው» ተብላ ያደገች ናት፤ ውኃ ቀድታ፣ ቆጮ ጋግራ፣ ልጅ አዝላ ትችላለች። ነፍሰ ጡር ከሆነች ማህፀኗ ትርፍ አንጀቷን ወደ ላይ ስለሚገፋው ሕመሙ ከለመድነው ቦታ ከፍ ብሎ ይሰማታል፤ ሁሉም «እርግዝናው ነው» ይላታል። ጤና ተቋም ብትደርስም የእንቁላል ማምረቻ ችግር ነው፣ ኢንፌክሽን ነው ተብላ የምትመለስበት ዕድል ከወንዱ ይበልጣል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሁላችንም ነው፤ የባልም፣ የአማትም፣ የሰፈርም።

ቤታችን የበላው ሰዓት ይህን ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሌሊት ነው፣ አንዳንዴም አንድ ቀን። በዚያች ኒው ዮርክ ውስጥ በተለካችው 36 ሰዓት ሲታይ ገና ጊዜ አለ ማለት ነው። አንጀቱ አልፈነዳም። ሰውየው ተነሥቶ ወደ ሕክምና ሄዷል።

ትልቁ ሌባ የሚጠብቀው እዚያ ነው። ስሙ ታይፎይድ ይባላል።

ፈርናንድ ዊዳል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 ዛሬ በስሙ «ዊዳል» የሚባለውን የደም ምርመራ ለዓለም አስተዋወቀ። ምርመራው ታይፎይዱን ራሱን አያይም፤ ሰውነት ለታይፎይድ ያዘጋጀውን መከላከያ ነው የሚያየው። ያ መከላከያ ከዓመታት በፊት ከያዘን በሽታም፣ ከሌላ ባክቴሪያም፣ ከክትባትም ሊመጣ ይችላል። በደንቡ ከሄድን ደም ሁለት ጊዜ፣ በቀናት ልዩነት ተወስዶ ልኬቱ መጨመሩ ይታያል። እኛ ዘንድ አንድ ጠብታ ደም፣ አንድ ጠብታ ኬሚካል፣ የጥቂት ደቂቃ ማወዛወዝ በቂ ሆኗል። ከዚያ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ፍርድ ይነበባል፦ «ታይፎይድና ታይፈስ ተቀላቅሎብሃል።» በዚህ አገር ይህ ዓረፍተ ነገር ያልተነበበበት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ራስ ምታት ታይፎይድ ነው። የወገብ ሕመም ታይፎይድ ነው። ድካም ታይፎይድ ነው። የፈነዳ ትርፍ አንጀትም ታይፎይድ ነው።

የአጎቴን ልጅ ታሪክ የምናገረው ለዚህ ነው። 12ኛ ክፍል ነበር፤ ጎበዝ፣ ዝምተኛ፣ ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጅ። ሐሙስ ማታ እምብርቱ ዙሪያ አመመው፤ ራቱን ገፋው። ሌሊት አስመለሰው። ዓርብ ጠዋት ሕመሙ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወርዶ ጎብጦ መራመድ ጀመረ። የሕክምና መጻሕፍት ትርፍ አንጀትን ሲያስተምሩ የሚጽፉት ይህንኑ ነው፤ ቅደም ተከተሉ እንኳ አልተዛነፈም። እናቱ ጤና አዳሟን ቀቅላ ሰጠችው፣ አላመነችውም፤ ዓርብ ከቀትር በኋላ ይዛው ክሊኒክ ሄደች። ልብ በሉ፤ ሕመሙ ከጀመረ ገና 24 ሰዓት አልሞላውም።

ክሊኒኩ ውስጥ ሆዱን የነካው ሰው የለም። ልጁን ጀርባው ላይ አስተኝቶ፣ ቀኝ ታች ሆዱን ጫን ብሎ፣ ድንገት ለቆ፣ ፊቱን ያየ ሰው የለም። ደሙ ተወሰደ። ወረቀት ወጣ። ወረቀቱ ላይ የመደመር ምልክቶች ነበሩ። ሴፍትሪያክሶን ጠዋትና ማታ፣ ግሉኮስ፣ ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ መርፌ። ቅዳሜ ማታ «ቀለል አለኝ» አለ። ቤቱ ፈነደቀ፤ እናቱ ገንፎ አገነፋች። እሑድ ሲነጋ ሆዱ እንደ ሳንቃ ደርቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ አገኙት። የእድር ሰዎች በቃሬዛ አወጡት። አምቡላንሱ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። መኪና ተለመነ። አንድ ቦታ ደረሱ፤ «ከዚህ ያልፋል» ተባለ። ሌላ ቦታ ደረሱ፤ «አልጋ የለም፣ ጠብቁ» ተባለ። ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲገባ ሰኞ ሌሊት ነበር።

የቀደደው ሐኪም ከሌሊት እስከ ንጋት ቆሞ ሠራ፤ እጁ ይባረክ። ሆዱን ከላይ እስከ ታች ከፍቶ አጠበው። ልጁ ተረፈ። ቁስሉ አመረቀዘ፣ እንደገና ተከፈተ፣ እንደገና ተሰፋ። ላም ተሸጠች፤ የዝንጅብል ማሳው ለሌላ ሰው ተከራየ፤ ደቡብ አፍሪካ ያለ የአጎት ልጅ ከሱቁ ሽያጭ ላይ ቆንጥሮ ላከ። ፈተናው አለፈው። ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀት አነበብኩት። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ አሳጥሮ የጻፈው ያው የተለመደው ነበር፤ ታካሚው ዘግይቶ በመምጣቱ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ሕክምና ፊት ቀርቧል እኮ! ሆዱን ይዞ፣ ጎብጦ፣ በእግሩ ሄዶ ቀርቧል! የዘገየው ማን ነው?

ደሜ የሚፈላው በሽታውን መለየት ውድ ስላልሆነ ነው። አልፍሬዶ አልቫራዶ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1986 ትርፍ አንጀትን ለመገመት የሚያገለግል የ10 ነጥብ መመዘኛ አወጣ። ሕመሙ ወደ ቀኝ ወርዷል ወይ? ምግብ አስጠልቶታል ወይ? አቅለሽልሾታል ወይም አስመልሶታል ወይ? ቀኝ ታች ሆዱ ሲነካ ያመዋል ወይ? ተጭኖ ሲለቀቅ ይብስበታል ወይ? ትኩሳት አለው ወይ? ከ10ሩ ነጥብ 7ቱ የሚገኘው በጥያቄ፣ በእጅና በቴርሞሜትር ነው። የቀረው 3 ነጥብ ከነጭ የደም ሴል ቆጠራ የሚመጣ ነው። ሲቲ ስካን አልተጠየቀም፤ መብራት እንኳ አልተጠየቀም። የአጎቴ ልጅ ዓርብ ከቀትር በኋላ ሰባቱን ነጥብ ይዞ ነበር ማለት ይቻላል፤ የሚቆጥርለት ግን አላገኘም። ሆድ መንካት ገንዘብ አያስገባም፤ ምርመራ፣ ግሉኮስና መርፌ ግን ያስገባል። ይህን የምለው ስለ አንድ ክሊኒክ አይደለም፤ በየከተማችን ስለተተከለ ገበያ ነው።

አንዳንድ ባለመድኃኒት ቤት «ትርፍ አንጀት ዛሬ በአንቲባዮቲክም ይድናል፣ ፈረንጆቹ አረጋግጠዋል» ሲል ሰምቻለሁ። ግማሹን አንብቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የአሜሪካ ትልቅ ጥናት በአንቲባዮቲክ ያከማቸው ሰዎች በቅርብ ክትትል ሥር ያሉ፣ በምስል ምርመራ በሽታቸው በትክክል የታወቀ ነበሩ፤ ያም ሆኖ በ90 ቀን ውስጥ ከ10ሩ 3 ገደማ ለቀዶ ሕክምና ገብተዋል። በሽታውን ሳያውቁ «ታይፎይድ» ብለው የሚሰጡት ሴፍትሪያክሶን ያንን ጥናት በምን ይመስለዋል? ትኩሳቱን ያበርዳል፣ ሕመሙን ያደበዝዛል፣ ቤተሰቡን ያዘናጋል፤ ሰዓቱ ግን ይሄዳል።

መንገዱን አልረሳሁትም። ሙዱላ የጠምባሮ ልዩ ወረዳ ከተማ ናት፤ ቆላው ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርዳል፣ ማዶው ዳውሮ ነው። ከቆላው ቀበሌ ሕመምተኛ ይዞ ከተማዋ እስኪደርሱ የሚሄደው ሰዓት አለ፤ ከዚያ ወደ ሐደሮ፣ ከሐደሮ ወደ ዱራሜ ወይም ወደ ሶዶ፣ ወይም ዞሮ ሆሳዕና የሚሄደው ሌላ ሰዓት አለ። ክረምት ከሆነ ሰዓት መቁጠሩ ቀርቶ ጭቃ መለካት ይጀመራል። እ.ኤ.አ. በ2012 እንግሊዝ ውስጥ አንድ አስቂኝ የሚመስል ጥናት ወጥቶ ነበር፦ ወደ ሆስፒታል ሲመጡ መኪናቸው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲዘል ሕመም የባሰባቸው ሰዎች ስንቶቹ ትርፍ አንጀት እንደነበረባቸው ተጠየቀ። በጉብታ ላይ አልፈው ትርፍ አንጀት ከተረጋገጠባቸው 34 ሰዎች 33ቱ «አዎ፣ ሲዘል ባሰብኝ» ብለዋል። የእንግሊዝ ሐኪም መንገዱ ላይ ያለውን ጉብታ መርማሪ አደረገው። በኛ መንገድ ሕመምተኛው የማይጮህበት ሜዳ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ነው የሚቸግረው።

ቀጥሎ ገንዘቡ አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ አገር ሲያዳርስ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ዛሬም ጥሩ ሐሳብ ነው እላለሁ። ነገር ግን የመድኑ ደብተር መሰላል አለው፦ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ከፍተኛው ሆስፒታል፤ በየእርከኑ ካርድ፣ ወረፋ፣ ላቦራቶሪ፣ ወረቀት። ለደም ግፊት ክትትል ይህ መሰላል ደግ ነው። ሊፈነዳ ለተቃረበ አንጀት ግን ወጥመድ ይሆናል። ደግሞም «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» የሚባለው ደብተሩን ለያዘውም ነው። ብር የሌለው ሰው ከመሄዱ በፊት የሚሸጥ ይፈልጋል፤ ገበያው የሚውለው ነገ ነው፤ እስኪሸጥ ሌሊቱ ያልፋል። ይህንን «የታካሚው ውሳኔ መዘግየት» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንድ ቀን ላሙን በሌሊት ይሽጣት፣ እስቲ ገዢ ያግኝ።

ይህ የኛ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ፣ ካሊፎርኒያን ያጠኑ ሰዎች የጤና መድን የሌላቸውና በድሆች የመንግሥት መድን የሚታከሙ ሰዎች ትርፍ አንጀታቸው የመፈንዳቱ ዕድል የግል መድን ካላቸው በግማሽ ያህል ከፍ ብሎ አገኙት። በሀብታም አገር፣ በአስፋልት መንገድ፣ አምቡላንስ በስልክ በሚመጣበት ስፍራ! ከዚያ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ጥራት ተቋም የፈነዳ ትርፍ አንጀትን ብዛት የአካባቢ ሕክምና ለሰው መድረስ አለመድረሱን ከሚለካባቸው ምልክቶች አንዱ አድርጎ ለዓመታት ሲጠቀምበት ቆየ። እነሱ በፈነዳው አንጀት ሥርዓታቸውን ለኩበት። እኛ ሕመምተኛውን እንወቅስበታለን።

መፍትሔው የማይታወቅ ነገር አይደለም፤ አገሪቱ ራሷ ጽፋዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና መኮንኖችን 3 ዓመት በማስተርስ ደረጃ አሠልጥኖ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ የሚያደርግ ፕሮግራም ተጀምሯል፤ ምጥ ለያዛት እናት ኦፕራሲዮን፣ ለትርፍ አንጀት፣ ለአንጀት መታጠፍ እዚያው ወረዳው ላይ እንዲደርሱ ማለት ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታቅዶ በብዙ ወረዳዎች ተገነባ፤ ሙዱላም አላት። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ከዚህ የተሻለ ሐሳብም አልሰማሁም። ነገር ግን ቀዶ ሕክምና የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። የሚቀደው ኖሮ ማደንዘዣ የሚሰጠው ለሥልጠና ከሄደ፣ ሁለቱም ኖረው ኦክስጅን ካለቀ፣ ኦክስጅኑ ኖሮ መብራት ጠፍቶ የጄኔሬተሩ ናፍጣ ከሌለ፣ በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሆስፒታል ቢልም ለዚያ ሌሊት የሪፈር ወረቀት መጻፊያ ነው። ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጡ ባለሥልጣናት ከምርቃቱ ዓመት በኋላ በሌሊት መጥተው «ዛሬ ማደንዘዣ ሰጪ አለ ወይ?» ብለው ሲጠይቁ አይታዩም።

ባለሙያውንም ለይቼ አልወቅስም። በሐዲያና በከምባታ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የጤና ባለሙያውም ጭምር፣ ደመወዙን በወቅቱ ያላገኘባቸው ወራት እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የአገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ጮኸው በከፊል ሥራ ሲያቆሙ ከፊሎቹ የታሰሩት ትናንት ነው። ደመወዙ ያልተከፈለው ሰው ከግል ክሊኒክ ሥራ ቢደርብ ማን ይፈርድበታል? የግል ክሊኒኩ ደግሞ ዊዳል እዘዝ የሚለው ከሆነ፣ ያ ያልተከፈለ ደመወዝ ዞሮ የአጎቴ ልጅ ሆድ ውስጥ ፈነዳ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የዓለም ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን 5 ቢሊዮን ሰው ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልገው በሰላም፣ በአቅሙና በጊዜው እንደማያገኝ ጻፈ፤ ማንኛውም ሰው መሠረታዊ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል በ2 ሰዓት ውስጥ ይድረስ የሚል ልኬትም አስቀመጠ። ሁለት ሰዓት! ከኦሞ ቆላ ቀበሌዎቻችን ተነሥቶ በሁለት ሰዓት ቢላ ያለበት ጠረጴዛ ላይ የሚደርስ ሰው ካለ ታሪኩን ያጫውተኝ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ በጀት እንኳ ብዙ አይጠይቅም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ክልል ሆነናል፤ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብለናል፤ ሆሳዕና ላይ ቢሮ ተከፍቷል፣ ወንበር ተገዝቷል። የክልሉ የጤና ቢሮ በየሆስፒታሉ በትርፍ አንጀት የተቀደዱትንና ከእነሱም ፈንድቶ የመጡትን በየወረዳው ቆጥሮ በየዓመቱ ለሕዝብ ያውጣ። ከጠምባሮ ስንቱ ፈንድቶ ደረሰ፣ ከሶሮ ስንቱ፣ ከአንጋጫ ስንቱ፣ ይነገረን። እያንዳንዱ ጤና ተቋም የሚጽፈው የሪፈር ወረቀት ሰዓት ይኑረው፤ ያየኋቸው ወረቀቶች ቀን አላቸው፣ ሰዓት ግን የላቸውም። ታካሚው ስንት ሰዓት ደረሰ፣ ሆዱ ስንት ሰዓት በእጅ ታየ፣ ማን አየው፣ ስንት ሰዓት ላኩት። እነዚህ አራት ነገሮች ሲጻፉ ሌባው ራሱን ያጋልጣል። በአንድ ጊዜ ዊዳል ብቻ ታይፎይድ ብሎ መርፌ የሚጀምር ክሊኒክም ፈቃዱ ይጠየቅ። ሆድ ሳይነካ የሆድ ሕመም ማከም ወንጀል ባይሆንም ነውር ይሁን።

ለአንተና ለአንቺ፣ ለሙዱላ፣ ለሐደሮ፣ ለዱራሜ፣ ለሺንሺቾ፣ ለሆሳዕና አንባቢ ደግሞ ይህን እላለሁ። ሕመሙ እምብርት ዙሪያ ጀምሮ ወደ ቀኝ ታች ከወረደ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ሲራመዱ ወይም ሲያስሉ ከባሰ፣ አይብሉ፣ የሚያስቀምጥ ነገር አይጠጡ፣ አያሳሹ፣ ነገን አይጠብቁ። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና ሽማግሌ ላይ ሕመሙ በዚህ መልክ ባይመጣም ቀኑን ሙሉ ያልተወ የሆድ ሕመም ይበቃችኋል፤ ሂዱ። ሄዳችሁ ደም ስጡ ከመባላችሁ በፊት «ሆዴን በእጅዎ ይዩልኝ» በሉ፤ ልመና አይደለም፣ መብታችሁ ነው። ድንገት ሕመሙ ከቀለለ ደስ አይበላችሁ፣ ፍጠኑ። የደረሳችሁበትን ሰዓት ወረቀቱ ላይ አስጽፉ፤ እምቢ ካሏችሁ ራሳችሁ በእስክሪብቶ ጻፉትና ይዛችሁት ሂዱ።